የወጋሁት ግድግዳ

ልጄ ሐዋሳ ነው የተዳረችው። የመጀመሪያ ልጇን ስታረግዝ፣ ስድስተኛ ወሯ ላይ ደወለችልኝ። ደህንነቴን ጠየቀችና፣ «እማ፣ የምታረሰው አንቺ ጋ ነው። ግን ያ ክፍል እንደ ድሮው የሚያልበው ከሆነ አልገባም፤ እዚሁ አማቴ ጋ እተኛለሁ» አለችኝ።

ቅር አላለኝም ብል እዋሻለሁ። ግን እውነቷን ነው። በዚያ ክፍል ነው ያደገችው፤ ዝናብ በገባ ቁጥር ደረቷ እየታፈነ፣ እኔም ትራስ ደራርቤ ቀና አድርጌ እያስተኛኋት። ሐኪሙም የቤቱ እርጥበት ነው ብሎ ነግሮን ነበር። እና አሁን የራሷን ልጅ አምጥታ እዚያው ግድግዳ ሥር እንዴት ታስተኛ? የአማቷ ቤት ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው እንደ ሳህን የሚወለወል አዲስ ቤት ነው። እኔ ደግሞ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። አራስ ልጄን በሰው ቤት፣ እንግዳ ሆኜ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀምጬ ልጠይቃት አልፈለግኩም። ነገሩ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ቤቴን ላስረዳችሁ። ዲላ ውስጥ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ድሮ የቡና መጋዘን የነበረ ባለ አንድ ፎቅ አሮጌ ሕንፃ አለ። ታች ጆንያ ይደረደርበት ነበር። ላይ ደግሞ እኛ ሴቶቹ በመደዳ ተቀምጠን ቡና እንለቅም ነበር፤ ጥቁሩን ለብቻ፣ የነቀዘውን ለብቻ፣ ድንጋዩን ለብቻ። እኔ ፊደል የለየሁትም እዚያው ነው፤ ከትምህርት ቤት ሳይሆን ጆንያ ላይ ከተጻፈው። መጋዘኑ ሲዘጋ ወራሾቹ ታችኛውን ለሱቅ አከራዩት፣ ላይኛውን በግድግዳ ከፋፍለው መኖሪያ አደረጉት። ሁለቱን ክፍል ይዤ የገባሁት እኔ ነኝ። ስለቅምበት የኖርኩት ፎቅ ላይ ልጄን አሳደግኩ ማለት ነው።

እንግዲህ ያ ግድግዳ ስንት ዓመት ሙሉ የቡና አቧራ ሲጠጣ የኖረ ነው። ከላይ የፈለጋችሁትን ብትቀቡት ዝናብ ሲገባ ያልበዋል። መጀመሪያ ይወረዛል፣ ከዚያ ቡናማ ውሃ ከጣሪያው ሥር ጀምሮ እየተንጠባጠበ ይወርዳል። ከዚህ በፊት ሁለት ቀለም ቀቢ አስገብቻለሁ። የመጀመሪያው በአንድ ቀን ጨርሶ ሄደ፤ ከማማሩ የተነሳ ጎረቤት ሁሉ ሊያየው መጣ። በመጀመሪያው ዝናብ እንደ ድንች ልጣጭ እየተቀረፈ ወለሉ ላይ ወደቀ። ሁለተኛው ሦስት ባልዲ ቀለም አስገዝቶኝ አንዱን ብቻ ቀባ፤ ሁለቱ የት እንደገቡ እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለዚህ ሦስተኛውን ስቀጥር ልቤ አስቀድሞ ተዘግቶ ነበር።

ሰውየውን ያገኙልኝ ታች ጨርቅ የሚሸጡት ሐጂ ናቸው።

«ዋሱ እኔ ነኝ» አሉኝ። «የወንድሜን ቤት ቀብቷል። ያልሠራውን ሠራሁ አይልም።»

«ሐጂ፣ የወንድምዎ ቤት አዲስ ነው። አዲስ ግድግዳማ ማንም ይቀባዋል።»

ሳቁብኝ። «አንቺ እኮ ሶላት ላይ ያለ ሰው ትጠረጥሪያለሽ» አሉ።

ሰውየው ሥራ ይበዛበት ስለነበር ወረፋው እስኪደርሰኝ ሁለት ወር ጠበቅኩ። ሲመጣ ልጄ ዘጠነኛ ወሯን ልትይዝ ነበር። አርባን ያለፈ፣ ቀጭን፣ የዱመርሶ ሰው ነው። አማርኛውን ከጌዴኦኛው ጋር አስታርቆ ነው የሚናገረው፤ ግድግዳን «እሷ» ይላታል። ሲገባ ምን ዓይነት ቀለም ትፈልጊያለሽ ብሎ አልጠየቀኝም። ጫማውን በር ላይ አወለቀ፣ መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆመ፣ ከዚያ በጣቱ አንጓ እያንኳኳ ከዳር እስከ ዳር ሄደ።

«ሐኪም ነህ እንዴ?» አልኩት።

«ባዶ የሆነችበት ቦታ ድምፅዋ ይለያል፣ እትዬ።»

«እና ምን አለችህ?»

«ጠግባለች። መጀመሪያ ያለባትን ታውጣ።»

ያለባትን ታውጣ ማለት አሮጌው ቀለም ይፋቃል፣ በሳሙና ውሃ ይታጠባል፣ ከዚያ መስኮቱ ተከፍቶ ሦስት ቀን ይተዋል ማለት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ማንም አይነካትም አለ፤ እሱም ጭምር። ምንም ላለመሥራት የሚቀጠር ሰው በዕድሜዬ አላየሁም ነበር። እሺ አልኩት እንጂ ልቤ አልተቀበለውም።

በሁለተኛው ቀን ገበያ ስሄድ መናኸሪያው አጠገብ አገኘሁት። ሱሪው ላይ ያልደረቀ አረንጓዴ ቀለም አለ። እኔን ያስገዛኝ ነጭ ነው።

«የኔ እስኪደርቅ የሌላ ሰው እየቀባህ ነው?»

«አዎ እትዬ» አለኝ፣ ምንም ሳይደብቅ። «ቆሜ ብጠብቃት ቶሎ አትደርቅም።»

መልሱ ልክ ነው። እኔን ግን ልክ የሆነ መልስ ቶሎ የሚሰጥ ሰው ይበልጥ ያስፈራኛል። ቤት እስክደርስ ድረስ የዚያን አረንጓዴ ቤት ባለቤት ሳስባት ነበር፤ እሷም የሷ እስኪደርቅ እየጠበቀች ይሆን እያልኩ።

ለልጄ በየቀኑ የግድግዳውን ፎቶ በቴሌግራም እልክላታለሁ። «እያማረ ነው፣ እማ» ትለኛለች። ቀጥላ ደግሞ፣ «ፎቶ ግን አይሸትም» ትላለች። መጠርጠሩን ከኔ ነው የወረሰችው።

በአራተኛው ቀን ሰውየው ተመልሶ መጣ። ስንጥቁን በስቱኮ ሞላ፣ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለሰው፤ እስከዚህ ድረስ ምንም አላልኩም። ከሰዓት ሻይ ይዤለት ስገባ ምን ሲያደርግ ባገኘው ጥሩ ነው? የቀለሙ ባልዲ ውስጥ ውሃ ሲያፈስ። ትንሽ እንዳይመስላችሁ፤ በጆግ ነው። ያ ወፍራም ቀለም ወተት እስኪመስል ቀጠነ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የመጀመሪያዋ እጅ ናት፣ እትዬ። ወፍራም ከሆነ ከላይ ይቀራል፣ አይገባባትም።»

«ወተት ሻጯም ውሃ ስትጨምር ምክንያት አላት።»

ሳቀና ሻዩን ተቀበለኝ። «ወተት ሻጯን እኔም አላምናትም» አለ።

ከዚያ በሩን ዘጋው። የጭነት መኪኖቹ አቧራ እንዳይገባ ነው አለኝ። መኪና እውነት አለ፤ መንገዱ ከእግራችን ሥር ነው። ቢሆንም ጆሮዬን በሩ ላይ ለጠፍኩ። የሮለር ድምፅ ትንሽ ተሰማ፣ ቀጥሎ ጭጭ አለ። በቁልፉ ቀዳዳ አጮልቄ ሳይ ባልዲ ደፍቶ ተቀምጧል። እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ግድግዳውን ያያል። ወገቤ እስኪደክም ጎንበስ ብዬ ጠበቅኩት፤ አልተነሳም። ልጄ እዚያ ሆዷን ይዛ ቀን ትቆጥራለች፣ ይሄ እዚህ ቁጭ ብሎ ግድግዳ ያያል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሰላም ብሎኝ ሲሄድ፣ ከአልጋዬ ሥር መውጊያውን አወጣሁ።

መውጊያ ማለት ቡና የሚገዛ ሰው ጆንያውን ሳይፈታ ከመሃሉ ቡና የሚያወጣበት ብረት ነው፤ ጫፉ የሾለ፣ ሆዱ እንደ ቦይ የተቦረቦረ። ጆንያውን ትወጋላችሁ፣ ብረቱን ዘንበል ታደርጋላችሁ፣ ከመሃል ያለው ቡና በቦዩ ተንሸራቶ መዳፋችሁ ላይ ይወድቃል። ጆንያ አፉ ላይ ሁልጊዜ ጥሩ ቡና ነው ያለው። ሰው የሚዋሸው መሃሉ ላይ ነው። ያን ሁሉ ዓመት ስለቅም ስኖር ከተማርኩት ትልቁ ይህ ነው። መጋዘኑ ሲዘጋ ሌሎቹ ሴቶች ወንፊቱንና ሰፌዱን ይዘው ወጡ፤ እኔ መውጊያውን።

በሩ ሲከፈት ከኋላው የሚሸፍነው ቦታ አለ። በርጩማዬን እዚያ አስጠግቼ ተቀመጥኩና ግድግዳውን ወጋሁት። ጠምዘዝ አድርጌ ሳወጣው ቦዩ ውስጥ ድርብርቡ ታየ፤ ከውስጥ ጭቃው፣ ቀጥሎ ኖራው፣ ቀጥሎ ስቱኮው፣ ከላይ እንደ ሽንኩርት ሽፋን የሳሳ ነጭ። ገና አንድ እጅ ነው የቀባው፤ አንድ እጅ ነው ያገኘሁት። ነገ ሁለት መሆኑን ደግሞ አያለሁ አልኩ።

ቀዳዳውን በምን ልድፈነው? ስቱኮውን ሸፍኖ ጠቅልሎታል፤ ብነካው ያውቃል። የጥርስ ሳሙና ትዝ አለኝ። እሱም ነጭ ነው። በአውራ ጣቴ ሞላሁት፣ ጠርጌ አስተካከልኩት፣ በሩን መልሼ ከፈትኩት። አይታይም።

በማግስቱም ወጋሁት። በሦስተኛውም ቀን። አምስት ቀን፣ አምስት ጊዜ። ሁለተኛ እጅ ቀባሁ ሲለኝ ሁለተኛ እጅ አገኘሁ፤ ሦስተኛ ሲለኝ ሦስተኛ። ደስ ሊለኝ ሲገባ ይብሱን ጨነቀኝ። ይሄ ሰው የሚያታልልበት መንገድ ከኔ መውጊያ የረቀቀ መሆን አለበት ብዬ አሰብኩ።

በዚያው ሳምንት የበልጉ ዝናብ ገባ። ሁለት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ሰውየው መጨረሻውን ሊያነካካ መጥቶ ደረጃው ላይ ብሩሹን ሲያጥብ፣ እኔ በሩን ገፋ አድርጌ ከኋላው አየሁ። እንደ ሻይ ብርጭቆ ቂጥ የሚያካክሉ አምስት ቡናማ ክቦች በመደዳ ተቀምጠዋል።

እናንተ ወዲያው ገብቷችኋል። እኔ ግን እምላችኋለሁ፣ አልገባኝም። ይባስ ብዬ በራሴ ኮራሁ። ከየትም ቦታ መርጬ ልክ የሚያልበው ቦታ ላይ መውጋቴ እጄ አዋቂ ቢሆን ነው አልኩ።

«ሐጂ፣ ይውጡና የዋሱበትን ሥራ ይዩ» ብዬ ከደረጃው ራስ ተጣራሁ።

ሐጂ መነጽራቸውን እያስተካከሉ ወጡ። ሰውየውም እጁን እየጠረገ ተከተላቸው። በሩን ስቤ አሳየኋቸው።

«ሦስት ቀን አደረቃት፣ ውሃ አጠጣት፣ ቁጭ ብሎ አያት። ይኸው አለበች። ልጄን እዚህ ነው የማስተኛት?»

ሐጂ ጎንበስ ብለው አዩ። «ምስጥ ይሆን?» አሉ።

ቀለም ቀቢው ተንበረከከና አንዱን ክብ በመፋቂያው ጫፍ ነካ አደረገው። ነጭ ነገር ተፈንቅሎ ወጣ። በጣቱ አሸው፣ አሸተተው። የናናው ሽታ እኔ የቆምኩበት ድረስ መጣ። ቀዳዳውን አጸዳው። እንደ ግማሽ ጨረቃ ነው፤ ቦይ ብረት ብቻ የሚተወው ቅርጽ። ሁለተኛውን ፋቀ፣ ሦስተኛውን ፋቀ። አምስቱም እኩል ከፍታ ላይ ናቸው። ቀና ብሎ ጥግ ያለውን በርጩማዬን አየው፤ ከዚያ እኔን አየኝ።

ያን ጊዜ ገባኝ። ጆሮዬ ጋለ። ሐጂ የሰሙትን ገበያው ሁሉ እንደሚሰማው አውቃለሁ፤ ምን ሊል ነው ብዬ ጠበቅኩ።

«አሮጌ ግድግዳ ናት፣ ሐጂ» አለ። «እኔ አስተካክላታለሁ።»

ሐጂ ፊታቸው አልተፈታም። «እኔ ለእንዲህ ያለ ሥራ አልነበረም የዋስኩህ» አሉት። «የኔን ሱቅ መቀባቱን ለጊዜው እናቆየው» ብለው ወረዱ።

የእግራቸው ድምፅ ከደረጃው እስኪጠፋ ጠበቀ።

«እትዬ» አለኝ፣ ሳይቆጣ። «እኔ ዱመርሶ ቡና ጫኝ ነበርኩ። ምስጥ ናሙና አትወስድም።»

የምገባበት ጠፋኝ። «ስንት እጅ እንደቀባህ ልይ ብዬ ነው» አልኩት።

«ቢጠይቁኝ እነግርዎት ነበር።»

«ብትነግረኝስ መቼ አምንህ ነበር?»

ትንሽ አሰበበት። «እሱስ እውነት ነው» አለና ሳቀ።

ያን ቀን ሁሉንም አስረዳኝ። የመጀመሪያው ቀጭን ቀለም ሲደርቅ፣ ግድግዳው ውስጥ እርጥበት ያለበት ቦታ ዘግይቶ ነው የሚነጣው፤ ባልዲ ላይ ቁጭ ብሎ የሚያየው ያንን ኖሯል። የቆየውን ቡና ከውስጥ ዘግቶበት ነበር። ዝናቡ ሲመጣ እርጥበቱ መውጫ ፈለገ። «አምስት አፍ ከፍተውላታል» አለኝ። አሁን አምስቱም ቦታ ሰፋ ተደርጎ ተፍቆ፣ ደርቆ፣ እንደገና ከሥሩ መሠራት አለበት።

«ስንት ቀን?»

«በዚህ ዝናብ ሁለት ሳምንት። ከዚያም ሊበልጥ ይችላል።»

ልጄ ልትወልድ የቀራት ደግሞ ሁለት ሳምንት አይሞላም ነበር።

መውጊያውን በነጠላዬ ጠቅልዬ ወደ ሐጂ ሱቅ ወረድኩ። ገዢ እስኪወጣ ቆምኩና ብረቱን የጨርቅ መለኪያቸው አጠገብ አስቀመጥኩት። «ሐጂ፣ ምስጡ እኔ ነኝ» አልኳቸው።

ብረቱን አዩ፣ እኔን አዩ። ነገሩን ስነግራቸው ትከሻቸው በሳቅ እየተንቀጠቀጠ ነበር። «ሰው ትጠረጥሪያለሽ አልኩ እንጂ ግድግዳ ትጠረጥሪያለሽ መቼ አልኩ» አሉና ሰውየውን ጠርተው ሱቁን መቼ እንደሚጀምርላቸው ጠየቁት።

በዘጠነኛው ቀን አማቼ፣ የልጄ ባል፣ ከሐዋሳ ደወለ። «እንኳን ደስ አለሽ፣ እማ። ሴት ናት። ሁለቱም ደህና ናቸው» አለኝ። እልልታው ከአፌ ሳይወጣ፣ «ክፍሉ ደረሰ? ስትወጣ ይዣት ልምጣ?» አለ።

ቀለም ቀቢው እዚያው ከበሩ ኋላ ተንበርክኮ ነበር። ስልኩን በእጄ ሸፍኜ አየሁት። መዳፉን ግድግዳው ላይ ለጥፎ ቆየ፤ ከዚያ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። አዎ ቢለኝ እኮ ያን ቀን ጨርሶ ይገላገለኝ ነበር። እኔም ደስ ይለኝ ነበር።

«አልደረሰም» አልኩት አማቼን። «እናትህ ጋ ትግባ።»

ቅቤና የገንፎ ዱቄት ይዤ ሐዋሳ ሄድኩ። የልጄ አማት ጥሩ ሴት ናት፤ ክፉ አላየሁባትም። ነገር ግን ሕፃኗ ስታለቅስ አንስታ የምትሰጠኝ እሷ ናት፤ ስታንቀላፋም ከእጄ የምትቀበለኝ እሷው። እኔ ወንበር ጫፍ ላይ ነበርኩ። ልጄ ከአልጋዋ ሆና፣ «ምን ሆኖ ነው የዘገየው፣ እማ?» አለችኝ።

«ዝናቡ ነዋ» አልኳት።

ወር ሲሞላት ልጄ ሕፃኗን ይዛ መጣች። አማቷም አብራ መጣች፤ ክፍሉን በዓይኔ ካላየሁ ሕፃን አላስገባም ብላለች አሉ። ደረጃውን ስትወጣ ነጠላዋን ሰብስባ የእንጨቱን ጥንካሬ በእግሯ እየፈተሸች ነበር። ክፍሉ ውስጥ ገባች፣ አየሩን ሳበች፣ ግድግዳውን በመዳፏ እየዳበሰች ዞረች። ከዚያ በሩን ሳብ አድርጋ ከኋላው አየች። እኔም ብሆን መጀመሪያ የማየው እዚያ ነው።

«እዚህ ጋ ትንሽ ይጎረብጣል» አለች፣ በጣቷ እየነካካች። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ቀለም ቀቢው ነው?»

ሰውየው የለም። ልጄ ዝናቡ ነው ያልኳትን አምናለች። አዎ ብል ነገሩ እዚያው ያልቃል፤ ቃሉም ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«እኔ ነኝ» አልኳት። «ያዘገየውም ዝናቡ አይደለም። የሚያታልለኝ መስሎኝ ግድግዳውን ስወጋ ከርሜ ነው።»

ልጄ ሕፃኗን አልጋው ላይ እያስተኛች ዞር አለች። «እማ» አለች ብቻ፤ ከዚያ ሕፃኗ እንዳትነቃ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ እኮ አልፈለግሺኝም ብዬ ነበር» አለችኝ።

አማቷ አልሳቀችም። «በምን ወጋሽው?» አለች።

መውጊያውን ከአልጋ ሥር አውጥቼ ሰጠኋት። አገላበጠችው፣ ጫፉን በአውራ ጣቷ ሞከረችው፣ ቦዩን ወደ መስኮቱ አዙራ አየችው።

«ለምስር ጆንያ ይሆናል?»

«ይሆናል። ግን ከመሃል ነው የሚወጋው፤ ከአፉ አይደለም።»

ከሰዓት ዝናቡ መጣ። ሦስታችንም አልጋው ዳር ተደርድረን፣ ሕፃኗን መሃል አድርገን፣ ግድግዳውን ስናይ ቆየን። ደረቅ ነበር። ሲያባራ አማቷ ተነሳች፣ ግድግዳውን አንዴ ደግማ በመዳፏ ነካችው፣ ብረቱን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ሐዋሳ ሄደች።

እስካሁን አልመለሰችልኝም። ስደውልላት ገና አልጨረስኩበትም ትለኛለች። ምን እየወጋች እንደሆነ ግን አልነገረችኝም።